ሉዋን ይዤ ስዞር

ስለ ሉዋ ማውራት ከጀመርኩ ወዲህ ጓደኞቼ ስም አውጥተውልኛል፤ «ሰባኪው» ነው የምባለው። ካፌ ገብቼ ወንበር ሳልስብ «ዛሬ ደግሞ ማንን አሳምነህ መጣህ?» ይሉኛል። ስሙን አልጠላሁትም። ሉዋ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። የሚያስተዋውቀው ትልቅ ኩባንያ ከኋላው የለም። በየግድግዳው ከሚለጠፉት የማሰልጠኛ ማስታወቂያዎች መሃል ስሙን ፈልጌ አጥቻለሁ፤ ከሥራ ማስታወቂያዎቹም እንዲሁ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቀው ሰው ካልተናገረለት ማን ይናገርለታል?

መጀመሪያ የያዘኝ ታሪኩ ነው። ብራዚል እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1992 ድረስ የኮምፒውተር ዕቃና ሶፍትዌር ከውጭ እንደልብ እንዳይገባ አጥብቃ ትቆጣጠር ነበር፤ የአገር ውስጡ ኢንዱስትሪ ይደግ ተብሎ። የሚፈልጉትን ፕሮግራም ከውጭ ማስመጣት ያልቻሉ መሥሪያ ቤቶች እዚያው አገራቸው ውስጥ ማሠራት ነበረባቸው። በሪዮ ዴ ጄኔሮው ጳጳሳዊ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ቴክግራፍ የሚባል ቡድን ነበር፤ ዋና ደንበኛው ፔትሮብራስ፣ የነዳጅ ኩባንያው ነው። የፔትሮብራስ መሐንዲሶች ለስሌት የሚሆን ቁጥር የሚያስገቡበት፣ ጂኦሎጂስቶቹ ደግሞ ስለ ከርሰ ምድሩ ድንጋይ ሪፖርት የሚያወጡበት ነገር ፈለጉ። ቴክግራፍ ለእነዚያም ለእነዚህም አንዳንድ ትንሽ ቋንቋ ሠራላቸው። ሰዎቹ ሲለምዱት ጊዜ ጥያቄያቸው በዛ፤ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ የምንልበት ይጨመርልን፤ አንዱን ሥራ ደጋግሞ የሚሠራልን ይጨመርልን» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 ሮቤርቶ የሩሳሊምስኪ፣ ሉዊስ ኤንሪኬ ዴ ፊጌሬዶ እና ቫልዴማር ሴሌስ ሁለቱን ትንንሽ ቋንቋዎች ትተው አንድ ሙሉ ቋንቋ ሠሩ። ሉዋ የተወለደው እንዲህ ነው።

ዶላር ጠፍቶ የሶፍትዌር ፈቃድ ማደስ ባቃተው መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይነካል። የእኔ ተነክቷል። ዛሬ በሰፊው ከሚሠራባቸው የፕሮግራም ቋንቋዎች አብዛኞቹ የአሜሪካና የአውሮፓ ልጆች ናቸው። ይኼኛው ግን ከወደ ደቡብ፣ ያውም ካላቸው ሳይሆን ከቸገራቸው ሰዎች የመጣ ነው። የተሠራውም ለፕሮግራመር አይደለም፤ ሌላ ሙያ ላለው፣ ኮምፒውተሩን ለሥራው ብቻ ለሚፈልገው ሰው ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የደረሰበት ቦታ ደግሞ ቀላል አይደለም። ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1996 የጻፉትን ጽሑፍ አንድ የአሜሪካ ጌም ሠሪ አነበበና ሉዋ «ግሪም ፋንዳንጎ» የተባለው የ1998 ጌም ውስጥ ገባ። «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት»ን የሚጫወቱ ሰዎች ጌሙን እንደ ፍላጎታቸው የሚያበጁት በሉዋ ነው። ፎቶ አንሺዎች የሚሠሩበት ላይትሩም ብዙው ክፍሉ በሉዋ የተጻፈ ነው። ሬዲስ የተባለው ዳታቤዝ በሉዋ የተጻፈ ትእዛዝ ይቀበላል። ዊኪፒዲያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየገጹ የምናያቸውን ሠንጠረዦችና መረጃ ሰጪ ሳጥኖች ለማዘጋጀት ሉዋን ይጠቀማል። ይህን ሁሉ እየሠራ ስሙ ያልተሰማው ሲፈጠር ጀምሮ የሌላ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ እንዲኖር ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ትልቁ ፕሮግራም ሲ በተባለው ቋንቋ ይጻፋል፤ በየጊዜው የሚለዋወጠው ክፍል በሉዋ። ተጠቃሚው የሚያየው ትልቁን ነው።

ይህንኑ አሠራር ይዤ ነው መጀመሪያ አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ዘንድ የሄድኩት። የሚሠሩበት ፕሮግራም ላይ የብድር ቅጣት ደንቡ ከዋናው ኮድ ጋር ተጋግሮ የተጻፈ ነበር። ደንቡ በተለወጠ ቁጥር ፕሮግራሙ እንደገና ኮምፓይል ይደረጋል፣ ማለትም ማሽኑ ወደሚያነበው መልክ ይቀየራል፤ ከዚያ አንድ ልጅ ፍላሽ ይዞ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ በታክሲ ሲዞር ይከርማል። እኔ ደንቡን ብቻ ለይቼ በሉዋ ጻፍኩት፤ ገጽ ተኩል ቢሆን ነው። ሥራ አስኪያጁ አይቶ ዝም አለ፤ ቆይቶ «አንተ ነገ ካናዳ ብትሄድ ይህን ማን ይነካዋል?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ስንት ጎበዝ ልጅ እንደሄደብን እናውቃለን። «የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋ ይጠሩልኝ» አልኩት።

ሴትዮዋ መጡ። ዕድሜያቸው ወደ ጡረታ የተጠጋ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ናቸው። ፕሮግራም ጽፈው አያውቁም። ወረቀቱን ሰጠኋቸው፤ የእንግሊዝኛ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ነገርኳቸውና በእስክሪብቶ እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ። መሃል ላይ ቆሙ። «ይኼ እኮ በዓልንም ይቆጥራል። ጥምቀት ዋዜማ ላይ ክፍያው የደረሰበት ሰው ቢሮ ዝግ ሆኖ ሳለ ይቀጣል ማለት ነው?» አሉ። እኔ የገለበጥኩት የቆየውን ደንብ ነበር። ችግሩ እዚያው የቆየው ፕሮግራም ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ የሂሳብ ሰው ሊያነበው በሚችለው መልክ ስላልነበረ ነው እስከዚያ ቀን ያልታየው። ሥራ አስኪያጁ ገረመው፤ እጄንም ጨበጠኝ። ሉዋን ግን አልተቀበለም፤ «ቦርዱ የሚጠይቀን የሚያውቀውን ነገር ነው» አለ። የበዓሉን ነገር በቆየው ፕሮግራም ላይ አስተካከሉት፤ ልጁም ፍላሹን ይዞ ዞረ። እኔ ግን ከዚያ ቢሮ የወጣሁት የባሰ አምኜ ነው።

ቀጥዬ አንድ ኮሌጅ ገባሁ። እዚያ የሚያስተምር ወዳጄ አዳራሽ አስፈቀደልኝ። ማስታወቂያውን አብረን ስንጽፍ ሮብሎክስ የተባለው የልጆች ጌም የሚሠራበት ቋንቋ ከሉዋ የተገኘ መሆኑን አንድ መስመር ጨመርንበት። በቀኑ የኮሌጁ ተማሪዎች በር ላይ ቆመዋል፤ ከጎናቸው ደግሞ አካባቢው ካለ ትምህርት ቤት ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ የመጡ ልጆች። የአዳራሹ ቁልፍ ያለው ሰው ለቅሶ ሄዷል። ቁልፉን የሚያመጣ ሰው ተልኮ፣ ተጠብቆ፣ በሩ ሲከፈት መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። ፕሮጀክተሩ፣ ያዘጋጀሁት ስላይድ፣ ሁሉም እንዳለ ቀረ።

ወዳጄ «ለሌላ ቀን እንቅጠራቸው» አለኝ። ልጆቹን አየሁና አልቻልኩም። ጥቁር ሰሌዳ ነበር፤ ጠመኔ ለመንን።

ሉዋ ውስጥ መረጃ ማስቀመጫው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቴብል ይባላል። ሌሎች ቋንቋዎች ለተራ ዝርዝር አንድ ዓይነት፣ ለስምና ለትርጉም ሌላ ዓይነት፣ ለዕቃ መግለጫ ሌላ ዓይነት ያቀርባሉ። እዚህ ሁሉንም ቴብል ይሠራል። ልጆቹን ተሰለፉ አልኳቸው። አንደኛው አንድ ቁጥርን ያዘ፣ ሁለተኛው ሁለትን፣ እንዲያ እያለ ሄደ፤ ሰልፉ ዝርዝር ሆነ። ቀጥዬ ቁጥሩን ትተው ስማቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው እንዲይዙ አደረግኩ፤ ያው ሰልፍ አሁን በስም የሚጠራ መዝገብ ሆነ። አንዷ ተማሪ ከሰልፉ ወጥታ «ከመሃል ሰው ሲወጣስ?» ብላ ጠየቀች። እኔ ሳልመልስ ከኋላዋ ያሉት አንድ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡ። ሉዋም ከዝርዝር መሃል ሲያወጣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የዚያን ቀን ከተጋበዙት መሃል አንድ ልምድ ያለው ዴቨሎፐር ነበር። ሉዋ መቁጠር የሚጀምረው ከአንድ መሆኑን ሲሰማ ሳቀ። አብዛኞቹ ቋንቋዎች ከዜሮ ስለሚጀምሩ ፕሮግራመሮች ሉዋን ሲያነሱ መጀመሪያ የሚተርቡት በዚህ ነው። ከዜሮ መቁጠር የማሽኑን ማኅደረ ትውስታ ለሚያስብ ሰው ትርጉም ይሰጣል። የፔትሮብራስ ጂኦሎጂስት ግን የመጀመሪያውን የድንጋይ ንጣፍ ዜሮኛ አይለውም፤ ሰልፍ የያዙት ልጆችም አላሉትም። ቋንቋው የተሠራው ለማን እንደሆነ የሚያሳየኝ ከሁሉ በላይ ይህ ነገር ነው፤ ስለዚህ ሲተረብ ሁሌም እከራከራለሁ።

ሐዋሳ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ወጣቶች በራሳቸው ተነሣሽነት የሚሰበሰቡበት አንድ ክፍል እንዳለ ሰምቼ፣ አሮጌ ላፕቶፖች ከወዳጅ ዘመድ ለምኜ በትልቅ ሻንጣ ይዤ ወጣሁ። ረዳቱ ሻንጣውን መኪናው ጣራ ላይ ጫነው። «ዕቃው ይሰበራል ወንድሜ፣ ውስጥ ይግባልኝ» ስለው «ቦታ የለም፣ ሸራ እናለብሰዋለን» አለኝ። ባቱን ሳናልፍ ዝናቡ ወረደ። ሸራው ነበር፤ ግን የሻንጣዬን ግማሽ ብቻ ነው የሸፈነው። ሐዋሳ ደርሰን ሻንጣውን ስከፍተው ውኃ ተኝቶበታል። ላፕቶፖቹን ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው፤ ከታች የነበረው፣ ከሁሉም ያረጀው፣ ማንም የማይፈልገው አንዱ ብቻ ተነሣ።

በዚያ አሮጌ ማሽን ላይ የዘመኑን የፕሮግራም መሥሪያ ዕቃ እንጫን ብትሉ እስኪጫን ይመሻል። የሉዋ ሶርስ ኮድ ግን ተጨምቆ ከግማሽ ሜጋባይት ያንሳል። ከነመደበኛ ላይብረሪዎቹ ተሠርቶ ሲያልቅ ፕሮግራሙ 300 ኪሎባይት አይሞላም፤ በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ከእሱ ይበልጣል። ኢንተርኔት አላስፈለገንም፤ ከፍላሽ ገልብጠን እዚያው ኮምፓይል አደረግነው። ልጆቹ በአንድ ስክሪን ዙሪያ ተጨናንቀው ተራ በተራ ጻፉ።

አንዱ ልጅ «ሰላም» የሚለውን ቃል ጽፎ ርዝመቱን ጠየቀ። ማሽኑ 9 አለው። ልጁ ፊደሎቹን በጣቱ ቆጠረና «ተበላሽቷል» አለ። አልተበላሸም። ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በተለመደው መንገድ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የእንግሊዝኛው አንድ። ሉዋ ሳይጨምር ሳይቀንስ የቆጠረው ባይቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሉዋ ዕትም 5.3 ፊደል የሚቆጥር ላይብረሪ ይዞ ስለመጣ በእሱ ስንጠይቀው 3 አለ። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን በሙሉ የወሰደው ይህ ነገር ሆነ፤ ስማቸውን፣ የሰፈራቸውን ስም፣ የሚያውቁትን ረጅም ቃል ሁሉ እየጻፉ ማስቆጠር። የራሳቸው ፊደል ማሽኑ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ እስከዚያ ቀን ማንም አሳይቷቸው አያውቅም ነበር።

ስመለስ ሻንጣው ከእኔ ጋር ውስጥ ገባ፤ ከብዶ የነበረው ዕቃ አሁን ለልጆቹ ቀርቷልና።

ከኮሌጁ አዳራሽ ዩኒፎርም ለብሰው ከመጡት አንዱ የሰፈሬ ልጅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ መምጣት ጀመረ። ቆይቶ እናቱ መጡ። ቁጭ በሉ ብላቸውም በር ላይ ቆመው «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ።

«ይጠይቁ እትዬ።»

«ጓደኞቹ የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና እየተማሩ ሰርተፍኬት ያሳዩኛል። የእኔ ልጅ ደግሞ ማንም የማያውቀውን ይማራል። ሥራ ይገኝበታል?»

«ብቻውን አይገኝበትም» አልኳቸው። መዋሸት አልፈለግኩም። «ይህን በደንብ የተማረ ልጅ ግን ሌላውን ለመማር አይቸገርም። የሠራውን ይዩለት።»

እትዬ የሰፈሩ ዕቁብ ጸሐፊ ናቸው፤ ልጁ የሠራውም የእሳቸውን ደብተር ነበር። አባላቱን በዕጣ ተራቸው በቴብል አስቀምጧቸዋል። ማን ዕጣው እንደወጣለት፣ ማን እንደቀረ፣ ማን ውዝፍ እንዳለበት በአማርኛ ያወጣል። እናቱ ጎንበስ ብለው ከአንደኛው ጀምረው አነበቡ። አንድ ስም ላይ ሲደርሱ «ተሳስተሃል፤ እሷ እኮ ዕጣዋን ሸጣለች፤ የበላው ሌላ ሰው ነው» አሉት። ልጁ ዕጣ እንደሚሸጥ አያውቅም ነበር። ዕጣዋን በሸጠችው ሴት መዝገብ ላይ የገዛውን ሰው ስም የሚይዝ አንድ መስመር ጨመረ፤ ሌላ ምንም ሳይነካ ሠራ። «የሁለት ሰው ዕጣ በአንድ የሚይዙም አሉ» አሉ እትዬ፤ ይህን ጊዜ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። እኔ በዚህ መሃል የማስበው የሪዮዎቹን ጂኦሎጂስቶች ነበር፤ «ይህም ይጨመርልን» ሲሉ። ሥራውን የሚያውቀው ሰው አጠገብ ተቀምጦ እየተናገረ ቋንቋው ሊከተለው መቻሉ፣ የሉዋ ሙሉ ሐሳብ እኮ ይኸው ነው።

እትዬ ሲወጡ «ቅዳሜ ከሰዓት ይምጣ። እሑድ ግን አይሆንም» አሉ።

ልጁ ከዚያ በኋላ የሄደበት መንገድ እኔንም ቀድሞኛል። የዕቁቡን መዝገብ ስሞች በአማርኛ ፊደል ልጻፍ ብሎ ሞከረ፤ ሉዋ እንቢ አለው። መደበኛው ሉዋ ለቫሪያብል ስም የሚቀበለው የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ከታች የሚሰመረውን ሰረዝ ብቻ ነው። ሶርስ ኮዱን ከፈትን። ሉዋ በሙሉ ወደ 30 ሺህ መስመር የሚጠጋ የሲ ኮድ ነው፤ አንድ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊያነበው የሚችል። በ5.4 ውስጥ ፊደላት የሚመደቡበት ትንሽ ፋይል አለ። እዚያ ሠሪዎቹ አንድ አማራጭ አስቀምጠዋል፤ ኮምፓይል ሲደረግ ከተከፈተ የእኛም ፊደል ለስም ይሆናል። ከፍተን እንደገና ሠራነው። «ውዝፍ» የሚባል ቫሪያብል ያለ ምንም ቅሬታ ሄደ።

ልጁ በዚህ አላቆመም። የቋንቋው የተያዙ ቃላት፣ ሃያ የሚያህሉት፣ ሌላ ፋይል ውስጥ ተራ በተራ ተጽፈዋል። እነሱን በአማርኛ ተካቸው። ማታ ላይ ከላይ እስከ ታች በአማርኛ የተጻፈ የዕቁብ ፕሮግራም ሲሠራ አየሁ። ይህ ሰው ሁሉ በአማርኛ ፕሮግራም ይጻፍ ለማለት አይደለም፤ ያ ሌላ ክርክር ነው። እኔን ያስደነቀኝ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ዓለም የሚሠራበትን መሣሪያ ፈትቶ፣ ውስጡን አይቶ፣ ለውጦ መግጠሙ ነው። ከሌሎቹ ታላላቅ ቋንቋዎች መሃል ይህን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚፈቅድ አላውቅም።

ለሉዋ የምቆረቆር ሰው ድክመቱን መሸሸግ የለብኝም። አብሮት የሚመጣው ላይብረሪ ጥቂት ነው፤ ፓይተን ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚገኘውን ብዙ ነገር እዚህ ራስህ ትጽፋለህ። በአንዱ ዕትም የተጻፈው በሌላው ላይ ሳይስተካከል የማይሠራበት ጊዜ አለ፤ በፍጥነቱ የታወቀው ሉዋጂት ዛሬም በአብዛኛው የሚከተለው የቆየውን 5.1 ነው። ድረ ገጽ ለመሥራትም የሚጓዙት መንገድ ረጅም ነው። እኔ ራሴ ደሞዜን የማገኘው በፓይተንና በጃቫስክሪፕት ነው፤ ሁለቱንም አከብራለሁ። የምለው ለጀማሪ፣ ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት፣ ማሽኑ ላረጀበት ትምህርት ቤት ከሉዋ የተሻለ መግቢያ አላየሁም ነው። ብዙ አይቻለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ለእናንተ ለኮምፒውተር መምህራን ነው። ቤተ ሙከራችሁ ውስጥ «ዘመናዊ ፕሮግራም አይጭኑም» ተብለው የተከደኑ ኮምፒውተሮች እንዳሉ አውቃለሁ። ክፈቷቸው። ሉዋ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲለውጠውና እንዲያከፋፍለው በሚፈቅድ ፈቃድ ነው የሚታደለው፤ ገንዘብ አይጠየቅበትም። የሩሳሊምስኪ የጻፈው «ፕሮግራሚንግ ኢን ሉዋ» የመጀመሪያ ዕትሙ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል፤ ዕትሙ ለቆየው 5.0 የተጻፈ ቢሆንም ለመጀመር ይበቃል። ሁሉም በአንድ ፍላሽ ይያዛል። መብራት ቢጠፋም ጠመኔ አለ። አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡት፤ ልጆቹ የቤታቸውን ደብተር፣ የእድሩን፣ የዕቁቡን፣ የሱቁን ዱቤ ይዘው እንዲመጡ ንገሯቸው።